የነሐሱ ብርሃንና የአፈሙዙ ዝገት

ሰው ንብረቱን የሚያጸዳው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ንብረቱ ከተሠራበት አገልግሎት እንዳይጓደል ነው፤ ሁለተኛውም የሚያየው ሰው ባለቤቱን እንዲያመሰግን ነው። እነዚህ ሁለት ምክንያቶች ብዙ ጊዜ ተስማምተው ይኖራሉ። ጊዜና ጉልበት ሲያጥሩ ግን አንዱ ሌላውን መግፋቱ አይቀርም። እንግዲህ የትኛውን ልናስቀድም ይገባናል? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ያነሣብኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ አሮጌ ጠመንጃ ነው።

አያቴ በፎገራ ሜዳ፥ ከወረታ ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር ይኖሩ ነበር። ከአባታቸው የወረሱት ስናድር ከቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይታይ ነበር። ስናድር እንግሊዞች በ1866 እ.ኤ.አ. የተቀበሉት፥ ቀድሞ በአፉ ይጎርስ የነበረውን ጠመንጃ ከኋላ እንዲጎርስ አድርገው ያሻሻሉት መሣሪያ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከፈልሳፊው ከጃኮብ ስናይደር ነው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስን የወጋው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ይህንኑ ነበር። የአያቴ ስናድር አፈሙዙ ብረት ሲሆን፥ የቃታው መከለያና የሰደፉ መጨረሻ ነሐስ ነበሩ። በሰደፉ ነሐስ ላይ በባዕድ ፊደል የተመታ ጽሕፈትና ቁጥር ነበረበት። አያቴ ፊደሉን አያነቡትም፤ ነገር ግን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ያውቁት ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፥ በጥምቀት ዋዜማ ጠመንጃውን እንዳጸዳ አዘዙኝ። እኔም አመድና ሎሚ ይዤ ነሐሱን ስፈትግ ዋልሁ። ሎሚው ጥቁረቱን እያሟሟ፥ አመዱም እየፋቀ፥ ነሐሱ እንደ ወርቅ አበራ። የአፈሙዙን ውስጥ ግን ማን ያየዋል ብዬ ጫፉን ብቻ በዘይት ጨርቅ አበስሁት። በማግሥቱ ጠመንጃውን ያየ ሁሉ አመሰገነኝ። ማታ አያቴ ሰደፉን በጣታቸው ዳሰሱና፥ «ልጄ፥ ጽሕፈቱ የት ሄደ?» አሉኝ። ቀጥለውም በቀጭን ዘንግ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ አፈሙዙ ሰደዱ፤ ጨርቁ ቀይ ዝገት ይዞ ወጣ። «ለሰው ዓይን ደክመሃል፤ ለጠመንጃው ግን አልደከምህም» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልተቆጡኝም፤ እኔ ግን ቁጣው በቀለለኝ ነበር።

የነገሩን ምክንያት በኋላ ተረዳሁት። ነሐስ ከመዳብና ከዚንክ የተቀላቀለ ማዕድን ነው። ሲያረጅ የሚለብሰው ጥቁረት ስስ ሽፋን ሆኖ በላዩ ይቀራል፤ ውስጡን እምብዛም አይጎዳውም። የብረት ዝገት ግን እየተፈረፈረ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በዚያ ላይ የጥንቱ ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጥላሸት ርጥበት ይስባል። ርብና ጉማራ በክረምት ከዳር እስከ ዳር በሚሞሉት በፎገራ ሜዳ ደግሞ ርጥበት ተፈልጎ የሚታጣ ነገር አይደለም። ስለዚህ እንክብካቤ እጅግ ያስፈልገው የነበረው የማይታየው ብረት ነበር፤ እኔ ግን ድካሜን ሁሉ የሰጠሁት ለሚያበራው ነሐስ ነው። ይባስ ብሎም፥ ፍትጊያ ሁሉ ከነሐሱ ላይ ጥቂት ጥቂት እየላጠ ይወስዳልና፥ የጠመንጃው ምስክር የነበረውን ጽሕፈት በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ምናልባት አንባቢ፥ «ታዲያ መወልወል ከንቱ ነውን?» ይል ይሆናል። አይደለም። ነሐሱን በትጋት የሚወለውል ወታደር የላላውን ብሎንና የተሰነጠቀውን እንጨት ሳያይ አይቀርም፤ እጅ በትንሹ ነገር ጥንቃቄን ይለማመዳል። ንጹሕ ሆኖ መታየትም ለእንግዳና ለበዓል የሚገባ ክብር ነው። ነገር ግን የአንድ ነገር ዋጋ በብልጭታው አይለካም። ከፎገራ ወደ ምሥራቅ፥ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ፥ ሴባስቶፖል፥ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል፤ አላበራም ብሎ ታሪኩን የሚክድ ግን የለም። እንግዲህ ክርክሩ ስለ ቅደም ተከተል ነው። ውስጡ ከተጠረገ በኋላ የሚመጣ ውልወላ ንጽሕና ነው፤ ውስጡን ትቶ የሚቀድም ውልወላ ግን መሸፈኛ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ዐውቄ ሳለሁ፥ ያንኑ ስሕተት በሌላ መልክ ደገምሁት። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ሆኜ ሳገለግል፥ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ የሚል ወሬ ደረሰን። ሦስት ቀን ሙሉ መዝገቦቹን አዲስ ሽፋን ሳለብስ፥ ቁጥራቸውን በቀይ ቀለም ስጽፍ፥ በመደርደሪያ ላይ በተራ ስደረድር ሰነበትሁ። ተቆጣጣሪዎቹም አይተው አመሰገኑኝ። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ከነዚያ ውብ መዝገቦች አንዱን ብከፍት፥ የአንዲት ባልቴት ማመልከቻ አገኘሁ። ሙላት ሰብሏን ስለ ወሰደባት፥ ውሃው ሲሸሽ በቀረው ርጥበት የምትዘራው የሽምብራ ዘር እንዲሰጣት ትለምናለች። ወረቀቱ ከገባ ሁለት ወር አልፎት ነበር። መልሱን በዚያው ቀን አዘጋጀሁ፤ ዳሩ ግን የዘሩ ወራት አልፏል። መዝገቡ አምሮ ተቀምጦ ሳለ መሬቷ ጦም አደረ። ተቆጣጣሪዎቹን ልወቅስ አልችልም፤ እነርሱ ያዩት እኔ ያሳየኋቸውን ነው።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን፥ ሥራችን ብዙውን ጊዜ በሚታየው ይመዘናል። የዘገባው ማማር፥ የደብተሩ ንጽሕና፥ የክፍሉ ጸጥታ በቶሎ ለዓይን ይገባሉ። ተማሪው በእውነት መማሩን፥ ባለጉዳዩም በጊዜው መልስ ማግኘቱን ለማወቅ ግን ዘንግ ይዞ ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ይህን ሌላው ሰው እስኪያደርግብን ድረስ ሳንጠብቅ እኛው በራሳችን ብናደርገው ይሻላል።

አያቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጠመንጃው በቤተሰቡ ዘንድ አለ፤ አፈሙዙ ተጠርጎ ዘይት ተቀብቷል፤ ከሰደፉ ላይ የጠፋው ጽሕፈት ግን አልተመለሰም፤ ሊመለስም አይችልም። እኔም ከዚያ ወዲህ መዝገብ ባነሣሁ ቁጥር ሽፋኑን ከማበሴ በፊት ከውስጥ ያለውን የመጨረሻውን ማመልከቻ ቀን እመለከታለሁ።