ለማን ነው ቃል የገባነው?

መዋጮ ለምናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለምኛለሁ። ለሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ገንዘብ ልንሰበስብ ቤት ለቤት ስንዞር፣ “ሁለት ዓመት ይፈጃል” ያልናቸው ሰዎች “እስቲ እናስብበት” ብለው በራቸውን ዘጉ። “ለክረምት ይደርሳል” ያልናቸው ግን ሰጡን። ክረምቱ መጣ፤ ቦዩ የለም። ቤታቸው ጎርፍ የሚገባባቸው አንድ እናት እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ፣ “ልጄ፣ የትኛውን ክረምት ነበር ያላችሁኝ?” ይሉኛል።

ስለ ሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክት ባነበብኩ ቁጥር እኚህ እናት ትዝ ይሉኛል። ሥራው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲጀመር የታሰበለት 15 ዓመትና 3 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ለአንዲት የዲኤንኤ ፊደል አንድ ዶላር ገደማ መሆኑ ነው! ገንዘቡ የሕዝብ፣ ቁልፉ የኮንግረስ። አንዳንድ ባዮሎጂስቶች “የትንንሾቹን ምርምሮች በጀት ይበላብናል” ብለው ተቃውመው ነበር። የምክር ቤት አባል ደግሞ “ፊደላቱን በተራ ማወቅ ለዕውቀት ይጠቅማል” ስላሉት ብቻ ካዝና አይከፍትም። ስለዚህ የካንሰር ስም ተጠራ፤ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞች ተጠሩ፤ ከጃፓን ጋር ያለው ፉክክርም ተጠራ። ገንዘቡ ተገኘ።

ሥራው ውሸት አልነበረም። እንዲያውም በ2003፣ ከዕቅዱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ተጠናቀቀ ተባለ። ዛሬ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት የሚታዘዘው ጂን ተመርምሮ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም መንስኤው በፕሮቲን ላይ ያለች አንዲት ለውጥ መሆኗ በ1950ዎቹ ታውቋል። ጂን በማረም የሚሰጠው የመጀመሪያው ሕክምና ግን የተፈቀደው በ2023 ነው። በማወቅና በመፈወስ መካከል አንድ የሰው ዕድሜ አለ ማለት ነው። ሳይንቲስቶቹ ይህን ርቀት አያውቁም ነበር ለማለት ይከብደኛል።

“ታዲያ እውነቱን ተናግረው ገንዘቡ ቢቀርስ?” ትሉኝ ይሆናል። ከባድ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የተስፋን ቃል የሚሰማው በጀት የሚያጸድቀው ሰው ብቻ አይደለም፤ አልጋ ላይ ያለው በሽተኛም ይሰማል። ለመጀመሪያው መከራከሪያ ነው፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ ነው። የመጀመሪያው ነገ ይረሳዋል። ሁለተኛው ቀን ይቆጥራል።

እኔ በበኩሌ ዳግም መዋጮ ብለምን “ሁለት ዓመት” እላለሁ። በር ቢዘጋብኝ ተመልሼ አንኳኳለሁ። ለእኚያ እናት መልስ ከማጣት ይሻለኛል።