ጥይት ናት!

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የቤቱ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ካርዷን ታሳየናለች። እኔም እንደ ልማዴ «ይቺ ልጅማ ጥይት ናት!» አልሁ። እናቷ ሳቀች። አያቷ ግን ስኒያቸውን አስቀመጡና «ኧረ በስማም በል፣ መምህር! ለልጅ የሚሆን ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?» አሉኝ።

መቼም ለክፉ አላልሁትም። ጥይት ማለት ፈጣን፣ ቀልጣፋ፣ አእምሮው የሰላ ማለት ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለውን «የሞተ ዘይቤ» እለው ነበር፤ ሰሚው ውዳሴውን እንጂ እርሳሱን አያይም። የእንግሊዝኛው «ቡሌት» ዕጣም ይኸው ነው። «ትንሽ ድብልብል» ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ተነሥቶ ጥይት ሆነ፤ ዛሬ በየቢሮው ሪፖርት ላይ ዝርዝር የሚደረደርበት ጥቁር ነጥብ ነው። ማን ይደነግጥበታል?

የኛ ጥይት ደግሞ ጭራሽ ቤተኛ ነው። ለልጅ እንደምናጎርስ ጠመንጃም ጥይት እናጎርሳለን። ለእንግዳ «አቀባበል» እናደርጋለን፤ መሣሪያ ለተኩስ ሲሰናዳም «አቀባበለ» ነው የምንለው። የሞተውን ሰው «ጥይት በላው» እንላለን። ማዕዱ ሁሉ እዚያ አለ! በምኒልክ ዘመን እንኳ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ገበያ ላይ ይመነዘር ነበር። በ1969 እና 70 ዓ.ም በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የተገደለበትን ጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ወላጆች ነበሩ። እዚያ ላይ ዘይቤ የሚባል ነገር የለም፤ ሒሳብ ነው።

እናላችሁ፣ የአያትየው ቁጣ አብሮኝ ሰነበተ። ዘይቤ የሚሞተው ነገሩ ከሰው ሲርቅ መሆኑን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ግጭት ባልተለየው ክልል ውስጥ ያደገች ልጅ የተኩስን ድምፅ ከርችት ለይታ ታውቃለች። በኔ አፍ የሞተው ቃል በሷ ጆሮ ሕያው ነው። ቃሉ ምን አጠፋ ትሉኝ ይሆናል። ቃሉስ ምንም አላጠፋ፤ እኔ ግን ማን ፊት እንደምናገር ሳላይ «ልማድ ነው» ብዬ ማምለጥ የምችል አይመስለኝም። ልማድ የተናጋሪው ነው፤ ድንጋጤው ግን የሰሚው።

ያን ዕለት ላስተካክል ብዬ «እሺ፣ ጎበዝ ናት» አልሁ። ወዲያው ራሴን ታዘብሁት። የጎበዝ አለቃ ማለት እኮ አገር ሲታወክ ጠመንጃ ያነገበውን ጎልማሳ የሚመራ ነው! «አንበሳ» ልል ከጀለኝና ተውሁት፤ እሱም ያው ነው።

አያቷ ልጅቱን ወደራሳቸው ሳብ አድርገው ግንባሯን ሳሙና «እደጊ» አሏት።