በማይናገር ልጅ ላይ ስለ መሞከር

ሰው በገዛ ገላው ላይ አንድ አዲስ ነገር ቢሞክር ፍርዱ ቀላል ነው። አዲስ ጫማ አድርጎ እግሩን ቢልጠው ያወልቀዋል፤ አዲስ ወጥ ቀምሶ ባይጥመው ይተወዋል፤ የተጐዳውም የተጠቀመውም ራሱ ስለ ሆነ ከማንም ጋራ ክርክር የለውም። ነገር ግን ሞካሪው ሌላ፥ የሚሞከርበት ሌላ የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል። ይልቁንም የሚሞከርበት ሰው ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን፥ ሞካሪውም ወላጁ ሲሆን ጥያቄው ከገበያ ጥያቄነት አልፎ የሕሊና ጥያቄ ይሆናል። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ከእናንተ ጋራ ለመመርመር የምፈልገው ይህንኑ ነው። ወላጅ ለሕፃናት የተሠራውን አዲስ ዕቃ በቤቱ በልጁ ላይ ሊሞክር ይገባዋልን? ከሞከረስ በኋላ ያየውን ለሌላ ሰው ሲናገር እንዴት ያለ ምስክር መሆን አለበት?

ነገሩ ለእናንተ ገና ሩቅ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ሆኖም ብዙዎቻችሁ ዛሬ ታናሽ ወንድማችሁን ወይም የእኅታችሁን ልጅ ትይዛላችሁ፤ ነገም ወላጆች ትሆናላችሁ። በእኛ ልጅነት የሕፃን ዕቃ በጣት የሚቈጠር ነበር፤ አንቀልባ፥ መታጠቢያ ሳፋ፥ ጥቂት ጨርቅ፥ ከዚያ በላይ እምብዛም አልነበረም። ዛሬ ግን ወደ አንድ የከተማ ሱቅ ብትገቡ የጡጦው ዓይነት፥ የዳይፐሩ ዓይነት፥ የጋሪው፥ የመኝታውና የመጫወቻው ዓይነት ዓይን ያፈዛል። ዕቃ ሠሪዎችና ሻጮችም አዲሱን ዕቃ ለወላጆች በነፃ ሰጥተው፥ በቤታቸው ሞክረው ያዩትን ለሌሎች ወላጆች እንዲናገሩላቸው ማድረግን አንድ የንግድ ዘዴ አድርገውታል።

ይህን የምጽፈው የድሮው ሁሉ ደኅና፥ የአሁኑ ሁሉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። እኛም ዘንድ ገና ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማዋጥና እንጥል ማስቈረጥ ከአያት የተወረሰ ልማድ ሆኖ ኖሯል። ሐኪሞች ጐጂነቱን ሲያስረዱ ብዙ ሰው የመለሰው መልስ «እኛስ በዚሁ አድገን የለም ወይ?» የሚል ነበር። ይህ መልስ እውነት ይመስላል፤ ግን አንድ ትልቅ ጕድለት አለበት። «በዚሁ አድገናል» ብሎ ሊመሰክር የሚችለው ያደገው ብቻ ነው። ያላደገው ሕፃን ቀርቦ የሚመሰክርበት ሸንጎ የለውም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የሳይንስ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ባቄላ ሰጥተው በቆርቆሮ እንድንዘራ አዘዙን። የአንዳንዳችን በቀለ፤ የአንዳንዳችን ቀረ። የበቀለለት ልጅ ሁሉ የራሱን አፈር ማመስገን ሲጀምር መምህሩ ሣቁና፥ ከአንድ ባቄላ የሚገኘው ዕውቀት የአንድ ባቄላ ዕውቀት ብቻ መሆኑን አስረዱን። እኔም በኋላ መምህር ስሆን ይህንኑ ትምህርት በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምሬአለሁ። ወላጅ በቤቱ የሚያደርገው ሙከራ ደግሞ ከአንድ ባቄላ የሚበልጥ አይደለም፤ ምክንያቱም አንድ ልጅ፥ አንድ ቤትና ጥቂት ሳምንታት ብቻ ናቸው።

ይህ ነገር በተግባር የታየበትን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ፊሸር ፕራይስ የሚባለው የአሜሪካ የመጫወቻ ኩባንያ በ2009 ጀርባው ቀና ያለ የሕፃን መኝታ ለገበያ አወጣ። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድር የነበረ ልጅ በዚህ መኝታ የተኛላቸው ወላጆች ዕቃውን እጅግ አመሰገኑት። ውሸትም አልተናገሩም፤ ልጃቸው በእርግጥ ተኝቶላቸዋል። ነገር ግን በ2019 ሚያዝያ ወር 4.7 ሚሊዮን ያህል መኝታ እንዲሰበሰብ ታወጀ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ከ30 የሚበልጡ ሕፃናት በዚሁ መኝታ ላይ ሳሉ ሞተው ነበር፤ በ2023 መጀመሪያ የወጣው የመንግሥት ማስታወቂያ ደግሞ ቍጥሩን ወደ 100 ገደማ አደረሰው። የሕፃን አንገት ገና አልጸናምና ቀና ባለ መኝታ ላይ ራሱ ወደ ፊት ሲያዘነብል አገጩ ደረቱን ይነካል፤ የአየር መተላለፊያውም ይጠባል፤ የተገለበጠ እንደ ሆነም ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ በ2022 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ቀና ያለ የሕፃን መኝታ እንዳይሸጥ ከለከለ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 4.7 ሚሊዮን ለ100 ሲካፈል 47,000 ይሆናል። እንግዲህ ከ47,000 መኝታ አንዱ ኀዘን ሲያመጣ፥ በቀሩት 46,999 ቤቶች ያለው ወላጅ «በልጄ ሞክሬዋለሁ፤ ምንም አላደረገውም» ቢል ቃሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ እውነተኛ ቃል ተሰብስቦ ያችን አንዲት እናት ከኀዘን ሊያድናት አልቻለም። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ቤት እውነቱን ሲናገር፥ ሰሚው ግን ስለ ዕቃው እውነቱ የተነገረው ይመስለው ነበር። በአንድ ቤት ያላየነውን ጕዳት «የለም» ማለትና «አላየሁም» ማለት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከዕውቀታችን በላይ መናገር ነው፤ ሁለተኛው በልክ መናገር ነው።

ሁለተኛ ልንመረምረው የሚገባን በሙከራው ጊዜ የምንመዝነው ምን እንደ ሆነ ነው። ሰዎች ዎከር የሚሉትን ዕቃ ታውቁታላችሁ፤ ሕፃኑ በመካከሉ ተቀምጦ በእግሩ ጣቶች ወለሉን እየገፋ የሚንከባለልበት ጎማ ያለው ነገር ነው። በአሜሪካ ከ1990 እስከ 2014 ድረስ ዕድሜአቸው ከ15 ወር በታች የሆኑ ከ230,000 የሚበልጡ ሕፃናት በዚህ ዕቃ የተነሣ ተጐድተው በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንደ ታከሙ ተገምቷል። ከአራት ሦስቱ ያህል የተጐዱት ከደረጃ ወድቀው ነው። ካናዳ በ2004 ዕቃው እንዳይሸጥ፥ እንዳይገባና እንዳይተዋወቅ ከለከለች። በእኛ ቤት ደግሞ ከደረጃው ሌላ የከሰል ምድጃው፥ ረከቦቱና በላዩ ያለው የፈላ ጀበና፥ የደጃፉ እርከን አለ። ትናንት ሊደርስበት ያልቻለውን ነገር ሁሉ ሕፃኑ ዛሬ በጎማ ተንከባሎ ይደርስበታል፤ እናቱ ከተቀመጠችበት ብድግ እስክትል እርሱ ከቦታው ደርሷል።

ታዲያ ይህ ዕቃ ስለ ምን ተወደደ? እናት ወጥ ስትሠራ ልጁ ዝም ስለሚልላት ነው። እናትን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ልጅ ታቅፎ ምጣድ መጣድ ምን ያህል እንደሚከብድ በቤቴ አይቻለሁ። ሆኖም አንድ ነገር መለየት ይገባል። ልጁ ዝም ማለቱ የእኛ ዕረፍት እንጂ የእርሱ ደኅንነት ማስረጃ አይደለም። ብዙ ጊዜ «ልጄ ወደደው» ስንል «ለእኔ ተመቸኝ» ማለታችን ነው፤ የሚሞከርበት ሕፃን ግን ይህን ቃል ሊያርመው አይችልም።

ሦስተኛ፥ ሙከራው ካበቃ በኋላ ወደ ነበርንበት መመለስ እንችላለን ወይ ብለን መጠየቅ አለብን። የዱቄት ወተት ሠሪዎች ለአራስ እናቶች በነፃ ናሙና የሚሰጡበት ዘመን ነበረ። እናትየው ናሙናውን «እስቲ ልሞክረው» ብላ ለልጇ ስትሰጥ ልጁ ጡት መጥባቱን ይቀንሳል፤ ጡት ደግሞ ካልተጠባ ወተቱ እየደረቀ ይሄዳል። በነፃ የተሰጠው ቆርቆሮ ሲያልቅ የእናትየውም ወተት አብሮ አልቆ፥ ገንዘብ የሌላት እናት ዱቄቱን በብዙ ውሃ እያቀጠነች ለመስጠት ትገደዳለች። በዚህ ምክንያት በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ በ118 ድምፅ ለ1 ባጸደቀው ደንብ የዱቄት ወተት ናሙና ለእናቶች እንዳይሰጥ አሳሰበ። ይህን ስል ከሕመም ወይም ከሌላ ችግር የተነሣ ማጥባት ያልቻለችን እናት መውቀሴ አይደለም፤ ለእርሷ የዱቄቱ ወተት ሙከራ ሳይሆን ልጅዋን የሚያኖር ምግብ ነው። ክፉው ነገር ሙከራ ተብሎ የቀረበው መመለሻ የሌለው መንገድ መሆኑ ነበር።

ከዚህ ሁሉ አንድ ሚዛን እናገኛለን። ስሕተቱ የሚመለስ ነገር በቤት ሊሞከር ይገባዋል፤ ስሕተቱ የማይመለስ ነገር ግን በልጅ ላይ ሊሞከር አይገባውም። ማንኪያው ሰፍቶት ልጁ ፊቱን ቢያዞር ማንኪያው ይለወጣል። ዳይፐሩ ገላውን ቢያቀላው ወዲያው ይወልቃል፤ ልብሱ ቢጠበው ለሌላ ልጅ ይሰጣል። በእንደዚህ ያለው ነገር ሕፃኑ በልቅሶው፥ በፊቱና በእጁ «እንቢ» ሊል ይችላል፤ እኛም ልንሰማው እንችላለን። እንቅልፍን፥ ከከፍታ መውደቅን፥ ጕሮሮ ላይ የሚሰነቀርን ትንሽ ነገርና እሳትን በሚመለከተው ግን ሕፃኑ «እንቢ» ለማለት ጊዜ አያገኝም። በዚህ ረገድ ወላጅ ሞካሪ ሳይሆን ዘበኛ መሆን አለበት።

«ታዲያ ማንም ካልሞከረ አዲስ ነገር እንዴት ይገኛል? አንድ ሰው መጀመሪያ መሆን የለበትምን?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን መጀመሪያ የሚሆነው ሕፃን መሆን የለበትም የሚል ነው። የመኪና ወንበር ጥንካሬ የሚፈተነው የልጅ ክብደትና ቁመት በተሰጠው አሻንጉሊት ነው። የትንሽ መጫወቻ አደጋ የሚታወቀው ስፋቱ 3.17 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ መለኪያ ውስጥ በመክተት ነው፤ ሙሉ በሙሉ የገባ እንደ ሆነ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ይህ ሁሉ የአንድም ሕፃን ትንፋሽ ሳይያዝ ይፈጸማል። ከዚህ በኋላ ዕቃው ወደ ቤት ሲገባ ወላጁ የሚሞክረው አደጋውን ሳይሆን ምቹነቱን ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ምስክርነቱ እንምጣ። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ፥ የዘጠኝ ወር ልጅ እናት፥ ምክር ፈልጋ ወደ እኔ መጥታ ነበር። አንድ ነጋዴ በየወሩ ዳይፐርና ልዩ ልዩ ዕቃ በነፃ ይሰጣት ነበር፤ እርሷም የሞከረችውን በስልክ ለብዙ እናቶች ትናገራለች። በዚያ ወር ከዕቃዎቹ መካከል ማንኪያና ዎከር ነበሩበት። ማንኪያው መልካም ሆነ፤ ዎከሩ ግን በሦስተኛው ቀን በደጃፉ እርከን ላይ ተገልብጦ የልጁ ግንባር አበጠ። ነጋዴው ይህን በሰማ ጊዜ «ስለ ማንኪያው ተናገሪ፤ ስለ ዎከሩ ዝም በዪ» አላት።

«ጋሼ፥» አለችኝ፥ «ዋሺ አላለኝም እኮ፤ ዝም በዪ ነው ያለኝ። ባለቤቴ ሥራ ካጣ አምስት ወሩ ነው፤ ዳይፐሩ ቢቀርብኝ የምገዛበት የለኝም። ዝም ማለት ኀጢአት ነው ይላሉ?»

እኔም «ልጄ፥ እናቶቹ ስለ ማንኪያው የነገርሻቸውን የሚያምኑሽ መጥፎውንም እንደምትነግሪያቸው ስለሚያስቡ ነው፤ መጥፎውን ከደበቅሽ በማንኪያው የገዛሽውን እምነት በዎከሩ ሸጥሽው ማለት ነው» አልኋት። ተማሪዬ ያየችውን ሁሉ ተናገረች፤ ስጦታውም ተቋረጠ። ዳይፐሩን በጨርቅ ተካችው፤ በየቀኑ ማጠቡም ድካም ሆነባት። ይህን ድካሟን አሳንሼ ልነግራችሁ አልፈልግም፤ እውነት ብዙ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል፤ ለድኻ ደግሞ ዋጋዋ ይበዛል።

ስጦታ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ስጦታ የተቀበለ ሰው ሁለት ነገር ይገባዋል። አንደኛው፥ ዕቃው በነፃ እንደ ተሰጠው ሳይደብቅ አስቀድሞ መናገር ነው። ሁለተኛው፥ ያየውን መልካምና መጥፎ በአንድ ሚዛን ማቅረብና ያላየውን «አላየሁም» ማለት ነው። ይህን ማድረግ የማይቻል የሆነ እንደ ሆነ ስጦታው ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የምላስ ኪራይ ይሆናል።

ወጣቶች ሆይ፥ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። በልጅ ነገር ግን ያልጠረጠረው ወላጁ ሲሆን የሚመነጠረው ልጁ ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ለልጃችሁ በተሰጣችሁ ቀን «ይህ ቢሳሳት መመለስ ይቻላልን? የሚያርፈው ልጁ ነው ወይስ እኔ? የማየውንስ ሳልፈራ መናገር እችላለሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሕፃን ለራሱ አፍ የለውም፤ አፉ እናንተ ናችሁ። በእርሱ ስም የምትናገሩትን ቃል አንድ ቀን አድጎ ቢሰማው፥ «እኔም ብሆን ይህንኑ እናገር ነበር» የሚለው ዓይነት ይሁን።