የመጠበቅ ዋጋው ስንት ነው?

በዛሬው ጽሑፌ የማነሳው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የልጆች ጉዳይ ይመስላል። ይኸውም አንድ ሰው ገና ያልወጣን፣ አልፎ ተርፎም ተሠርቶ ያላለቀን የቪዲዮ ጌም ወራትና ዓመታት በጉጉት ሲጠብቅ ከእርሱ የሚወሰድበት ነገር አለ ወይ? ካለስ በአላህ ፊት ይጠየቅበታልን? የሚለው ነው። ጥያቄው በሚገባ ሲመረመር ግን የሚመለከተው ልጆቹን ብቻ ሳይሆን እኛን ታላላቆቻቸውንም ጭምር ነው።

ነገሩ የተነሣው በሰፈራችን መስጂድ ከመግሪብ በኋላ በነበረ ውይይት ላይ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ወጣት ሊወጣ የተቃረበ አንድ እንግዳ የእንቆቅልሽና የጀብዱ ጌም ቀን እየቆጠረ እንደሚጠብቅ ለጓደኛው ሲያወራ አንድ አባት ሰሙትና፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ረመዷንን እንዲህ ጠብቀኸው ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁት። ወጣቱ አቀረቀረ፤ የተቀመጡትም ሳቁ፤ ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ። ለእኔ ግን የተዘጋ አልመሰለኝም። ያ ጥያቄ አፍ ለማዘጋት ከዋለ በኋላ መልስ ሳያገኝ ቀርቷልና።

በመጀመሪያ እንዲህ ያለ ጉጉት ምን ያህል ኃይል እንዳለው በአንድ እውነተኛ ታሪክ እንመልከት። ቲም ሼፈር የተባለው አሜሪካዊ የጌም ደራሲ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሉካስአርትስ በሚባለው ድርጅት ውስጥ ሲሠራ በቀልድና በእንቆቅልሽ የተሞሉ የጀብዱ ጌሞችን በማዘጋጀት ታወቀ። በ1998 ያወጣው ግሪም ፋንዳንጎ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ገበያው ወደ ሌላ ዓይነት ጌም አዘነበለ፤ ገንዘብ የሚያቀርቡ አሳታሚ ኩባንያዎችም ከዚህ ዘርፍ ፊታቸውን አዞሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ሼፈርና በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ድርጅቱ ደብል ፋይን፣ ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ አማካይነት ለሕዝቡ ጥሪ አቀረቡ። የጠየቁት 400,000 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ አንድ ቀን ሳይሞላ ተገኘ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ 1 ሚሊዮን አለፈ፤ ከአንድ ወር በኋላ ሲዘጋ ከ87,000 የሚበልጡ ሰዎች ከ3.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተው ነበር።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ዐቢይ ነገር አለ። ሰዎቹ ገንዘባቸውን ሲያወጡ ጌሙ የራሱ ስም አልነበረውም። ታሪኩም አልተጻፈም። በእጃቸው የገባው ነገር ቢኖር የአንድ ሰው ያለፈ ሥራ ትዝታና የእርሱ ቃል ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ይደርሳል ተብሎ ታስቦ የነበረው ሥራ ብሮክን ኤጅ በሚል ስም የመጀመሪያው ክፍሉ የወጣው በጥር 2014፣ ሁለተኛው ክፍሉ ደግሞ በሚያዝያ 2015 ነው። በመካከሉ በ2013 ሼፈር ሥራው ከታሰበው በላይ በመስፋቱ የተሰበሰበው ገንዘብ እንደማይበቃና ጌሙ ለሁለት እንደሚከፈል አስታወቀ። ብዙዎች ተቆጡ፤ ብዙዎችም ታገሡ።

ጌሙ ራሱ ምን ዓይነት ነው? ብንል፣ እኛ ብዙ ጊዜ ጌም ሲባል የምናስበው የተኩስና የደም ጨዋታ አይደለም። አንዲት ልጃገረድ በበዓል ቀን ለአውሬ እንድትሰጥ በአገሯ ሰዎች ትመረጣለች፤ ሌሎቹ እንደ ክብር ሲቆጥሩት እርሷ ግን አልበላም ትላለች። አንድ ልጅ ደግሞ በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ እንደ እናት በምትንከባከበው ኮምፒዩተር ተከብቦ ከአደጋ ሁሉ ተጠብቆ፣ ከሕይወትም ሁሉ ተከልክሎ ይኖራል። ተጫዋቹ የሚጠበቅበት ማሰብ፣ የተበታተነውን ማገናኘትና መታገሥ ነው። እንግዲህ በይዘቱ ብቻ እንፍረድ ከተባለ ብዙ የሚያስነቅፍ ነገር ያለው አይመስለኝም።

ይሁንና በመካከላችን ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንዱ ወገን ጨዋታ ሁሉ ከንቱ ስለሆነ መጠበቁም ከንቱ ነው ይላል። ይህ አባባል ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራ ጋር አይገጥምም። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂዳቸው ውስጥ በጦር ሲጫወቱ እርሳቸው አልከለከሉም፤ እንዲያውም አዒሻ (ረ.ዐ.) እስክትጠግብ ድረስ እንድትመለከት ቆመውላታል። ከእርሷም ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል። ልብ እንደሚሰለች፣ ለእርሱም ጊዜ እንደሚያስፈልገው ዲናችን ያውቃል። ሌላው ወገን ደግሞ ጌሙ ሐራም እስካልሆነ ድረስ መጠበቁ ምን ጣጣ አለው? ይላል። ይህኛውም መልስ ቸኩሏል። የሚጠበቀው ነገርና መጠበቁ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸውና። ምግብ ሐላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ብቻ ሲያልም የሚውል ሰው ግን ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ቀኑ ይጠየቃል።

አስቀድመን የገንዘቡን ጉዳይ እንይ። በሸሪዓ ሰው የሌለውን ነገር መሸጥ ተከልክሏል፤ ምክንያቱም ገረር፣ ማለትም መጨረሻው የማይታወቅ ነገር፣ ጠብንና መበዳደልን ያመጣል። ነገር ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለቴምር ከአንድ ዓመትና ከሁለት ዓመት በፊት ገንዘብ ሲከፍሉ አገኟቸው። ንግዱን አልዘጉትም፤ መጠኑ፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን አዘዙ እንጂ። ይህም ሰለም የሚባለው ውል ነው። ሐነፊዮች ደግሞ አንድን ነገር እንዲሠራልን ለባለሙያ የምንሰጠውን ትዕዛዝ ኢስቲስናዕ ብለው ፈቅደዋል። ከሁሉም የምንረዳው ሸሪዓ መጠበቅን በገንዘብ መግዛትን እንዳልከለከለ፣ ነገር ግን የሚጠበቀው ነገር ምንነት እንዲነገር የግድ እንዳለ ነው።

ከዚህ አኳያ የእነዚያ 87,000 ሰዎች ክፍያ ምን ነበር? ስም የለውም፣ ልኩ አልተነገረም፣ ጊዜውም አልተጠበቀም፤ ስለዚህ የሽያጭ ውል ነው ማለት ይከብዳል። ኪክስታርተርም በዚያው በ2012 መስከረም እርሱ መደብር እንዳልሆነ አስታውቋል። ታዲያ በእኔ አመለካከት ወደ ስጦታና ወደ እገዛ የቀረበ ነው። ስጦታ ከሆነ ሰጪው ሊቆጣ አይገባውም፤ ተቀባዩም አማናውን ሊጠብቅ ይገባዋል። የደብል ፋይን ሰዎች ከጅምሩ የሥራቸውን ውጣ ውረድ በፊልም እያስቀረጹ ለረዷቸው ማሳየታቸው፣ ድካሙንና ክርክሩን አለመደበቃቸው፣ በመጨረሻም ሥራውን ማስረከባቸው አማናን ከመጠበቅ ይቆጠርላቸዋል። ቀን ቀጥሮ ማሳለፋቸው ደግሞ ይቆጠርባቸዋል።

ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ግን ከዚህም የተለየ ነው። ገና ወራት የቀሩትን ጌም አስቀድማችሁ ክፈሉ እየተባለ ይሸጣል። ዱሮ ጌም በዲስክ ታትሞ በሱቅ ሲሸጥ፣ ሳያልቅ አስቀድሞ መያዝ ትርጉም ነበረው። በኢንተርኔት የሚወርድ ጌም ግን አያልቅም። ሺሕ ሰው ቢወስደው አይጎድልም። ታዲያ ገዢው አስቀድሞ ሲከፍል የሚገዛው ምንድን ነው? ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ የሚገዛው ጉጉቱን ነው። የራሱን ጉጉት መልሰው ይሸጡለታል።

ከገንዘቡ በላይ ግን የልብ ጉዳይ አለ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመሬት ላይ አራት ማዕዘን ሣሉ፤ ከመካከሉ ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚያልፍ መስመርም አሰመሩ፤ በመካከለኛው መስመር አጠገብ ትናንሽ መስመሮችን ጨመሩ። በመካከል ያለው ሰው እንደሆነ፣ የከበበው አጀሉ እንደሆነ፣ ከአጥሩ አልፎ የወጣው ምኞቱ እንደሆነ፣ ትናንሾቹም የሚያገኙት አደጋዎች እንደሆኑ አስረዱ። ሰው ምኞቱን ከአጀሉ በላይ አርዝሞ ይኖራል። ጌም ጠባቂውም፣ ሌላ ነገር ጠባቂውም በዚህ ሥዕል ውስጥ ነን።

ያንን ወጣት ከቀናት በኋላ አግኝቼው፣ እየጠበቅህ ሳለ ምን ትሠራለህ? አልሁት። ሁለት ደቂቃ የምትሞላ ማስታወቂያውን ደጋግሞ እንደሚያይ ነገረኝ። ቀጥሎ ያለኝ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «አባቴ በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣውን እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ልንወጣ ነው ስለሚል ቤታችን ቀለም አልተቀባም፤ ጣራው ሲያፈስ ባልዲ እንደግናለን። እርሱን ግን ማንም ረመዷንን እንዲህ ጠብቀህ ታውቃለህ ወይ ብሎት አያውቅም» አለኝ።

በአባቱ ላይ አልፈርድም። ቤት መሻት ለቤተሰብ ማሰብ ነው፤ ከጌምም ጋር በክብደት አይወዳደርም። ወጣቱ ያየው ነገር ግን እውነት ነው። አጠባበቁ አንድ ነው። ነገ የሚመጣው ነገር ዛሬን ባዶ መተላለፊያ ያደርገዋል፤ ዛሬ ሊጠገን የሚችለው ሳይጠገን ይቀራል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ዐስር በጊዜ የማለው ሰው የሚከስረው በዚሁ ስለሆነ ይመስለኛል፤ በእጁ ባለው ጊዜ።

ይህ ማለት ጉጉት ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ነብዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ዩሱፍን ለረጅም ዓመታት ጠብቀዋል፤ ዓይናቸው እስኪጠፋ አዝነዋል፤ ነገር ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ልጆቻቸውንም ሂዱና ፈልጉ ብለው ልከዋል እንጂ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ረመዷንን በትክክል የሚጠብቅ ሰውም ያለበትን ቀዳ ይጾማል፤ ከተጣላው ይታረቃል፤ ቁርኣኑን አቧራ ያራግፋል። መጠበቁ ራሱ ሥራ ይሆንለታል። እኛ ግን በሐቅ እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቻችን ረመዷንን የምንጠብቀው የቴምርና የሳምቡሳ ዋጋ በመጠየቅ ነው። ስለዚህ የእኚያ አባት ጥያቄ ትክክል ነው፤ የሚጠየቀው ግን ወጣቱ ብቻ መሆን የለበትም።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ይዘቱ ንጹሕ የሆነን ጌም መጠበቅ በራሱ ኃጢአት ነው ብሎ ወጣትን ማሸማቀቅ ተገቢ አይደለም፤ እንዲያ ያደረግነው ልጅ ጌሙን ሳይሆን መስጂዱን ይተዋል። ወጣቱም በበኩሉ ምንነቱ ላልተነገረው ነገር ገንዘቡን አይስጥ፤ የወላጅን ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ሳያስፈቅድ ፈጽሞ። ከዚያም በየቀኑ ራሱን ይጠይቅ፤ የምጠብቀው ነገር ባይመጣ ዛሬ የሠራሁት ይቆጠርልኛልን? ሶላቴ በጊዜው ነበርን? እናቴን ረዳሁን? ትምህርቴን አነበብሁን? ይህን ሐቅ ያልነካ ጉጉት ጉዳት የለውም። የነካው ግን፣ የሚጠበቀው ጌም ይሁን ቤት፣ ልጓም ያስፈልገዋል።

ከሚጠበቁት ሁሉ ታላቁ ቂያማ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ቂያማ ቢቆም እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ ይትከለው ብለው አስተምረዋል። የዚያ ቤት ጣራ የክረምቱ ዝናብ ሳይመጣ ሊጠገን ይገባዋል፤ ዕጣው ቢወጣም ባይወጣም።

ወላሁ አዕለም።