አዳኝ ለታደነው ያለበት ዕዳ

ሥጋ ያለ ሞት አይገኝም። እንግዲህ ሰው ለገደለው እንስሳ ዕዳ አለበትን? ወይስ ሆዱ ሲጠግብ ነገሩ ሁሉ ያበቃል?

ለዚህ ጥያቄ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከደቻቱ ወንዝ በላይ በገደሉ ወገብ፣ ፖርክ ኤፒክ የተባለ ዋሻ አለ፤ ትርጓሜውም በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ካህኑ ሊቅ ቴያር ደ ሻርዳን ለሊቃውንት ዓለም አስተዋወቁት፤ በ1933 ተቆፈረ፤ ከ1974 ጀምሮም ዴዝሞንድ ክላርክና ባልደረባቸው ደግመው መረመሩት።

ከአፈሩ ውስጥ 40,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው የአራዊት አጥንቶች ወጡ። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ዘላለም አሰፋ መርምረው በ2006 እንዳስረዱት፣ በአጥንቶቹ ላይ የድንጋይ ስለት ያረፈበት ምልክት ይታያል። ይህ የረኀብ ምስክር ነው። ነገር ግን ከዚያው አፈር መካከላቸው የተበሳ ከ400 በላይ የቀንድ አውጣ ክዳኖች ተገኝተዋል፤ እነዚህም ለዶቃ ያገለገሉ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ሊቃውንት ይገምታሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ሰዎች ደግሞ በዋሻው ግድግዳ ላይ የሰውንና የአራዊትን ምስል በቀለም ሣሉ።

እኛ እነዚያን ሰዎች ጻድቃን ልናደርጋቸው አንሻም፤ ያስተማራቸው ችግር ነው። ሆኖም እንስሳ የሚሥል ሰው አስቀድሞ አስተውሎ ማየት አለበት፤ አዳኙም ታዳኙ የሚጠጣበትን ውኃና የሚወልድበትን ወራት ካላወቀ ጦሙን ያድር ነበር። ዛሬ ግን እኛ ሥጋውን በሚዛን አስመዝነን ስንወስድ ስለ እንስሳው አንዳች አናውቅም። ከዚህም የከፋ አለ፤ ከሐረር ወዲያ በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ፣ ጥርሱን ብቻ ነቅሎ ሬሳውን ለአሞራ የሚተው ገዳይ ታይቷል። እርሱ አልተራበም፤ አልሣለም፤ አላወቀም።

ስለዚህ ዕዳ አለ እንላለን። የሚከፈለውም በጸጸት ብቻ አይደለም፤ የወሰድነውን በማወቅ፣ የሚበቃንን በመለየትና የቀረውን በሕይወት በመተው ነው። የዋሻው አጥንት ስለ ጥንቱ አዳኝ እንደ መሰከረ፣ የእኛም ቅሪት ስለ እኛ መመስከሩ አይቀርም።