ሲኒውን እሷ ትቁጠረው

የኔ ልጅ፣ ትንሿ እስከ ሃምሳ እንደምትቆጥር ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። እስቲ ደግሞ ቡና ስታፈዪ ስድስት ሲኒ ደርድሪና «ስንት ነው?» በያት። አፏ እየቀደመ፣ ጣቷ አንዱን ሲኒ ዘሎ ሌላውን ሁለቴ ነክቶ «ስምንት!» ካለችሽ፣ እስካሁን የያዘችው ዜማውን ነው። አትቆጫት፤ በአራት ዓመት ያለ ነው። ለአንድ ሲኒ አንድ ቁጥር ብቻ እንደሚደርሰው፣ መጨረሻ የተጠራውም የሁሉም ብዛት እንደሆነ የሚገባት እየነካች ደጋግማ ስትቆጥር ነው። ሲኒዎቹን ብታጠጋጊያቸው «አነሱ» ትልሽ ይሆናል። እንደገና ትቁጠር።

«ዜሮ ክፍል ስትገባ ትማረዋለች» ይሉሻል። ዜሮ ክፍል በጎ ነገር ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ገጠርም ደርሷል። ነገር ግን አንዲት መምህርት ክፍል ሙሉ ሕፃን ይዛ የእያንዳንዱን ጣት ልትከተል አትችልም። በጋራ ታስጮኻቸዋለች፤ ጩኸቱ ደግሞ ያልገባውን ልጅ ይደብቀዋል።

በ2007 እ.ኤ.አ. ግሬግ ደንከንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በካናዳ ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ ስድስት ጥናቶችን መርምረው ነበር። ልጆቹ ትምህርት ሲጀምሩ ከያዙት ችሎታ ሁሉ የኋላ ውጤታቸውን ይበልጥ የጠቆመው ሒሳብ ሆኖ ተገኘ። በቁጥር የቀደመ ሁሉ ይቀናዋል ማለት አይደለም። እኛ ግን ፊደል ለማስቆጠር ቄሱ ጋ፣ ቁርኣን ለማስቀራት መድረሳ ስንሮጥ ቁጥሩን እንዲያው በራሱ የሚመጣ እናስመስለዋለን።

ለዚህ ገንዘብ አታውጪ። ደጃፍ ላይ ጉድጓድ ማስቆፈርና ጠጠር መልቀም ነው፤ ገበጣ ትጫወት። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር መጣል ያንኑ የሲኒውን ትምህርት ነው የሚያስተምረው። ትንሽ ከፍ ያለ ልጅ እማ ጠጠሩን ሳያነሳ የት እንደሚያልቅ በዓይኑ ያውቀዋል። የመርሳ ብርቱካን ቤት ከገባም ለወንድሞቿ እኩል ታካፍል፤ አንዱ ሲተርፍ ምን ይሻላል ብለሽ ጠይቂያት፣ መልሱን ግን አትንገሪያት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በብራዚል ሬሲፌ ከተማ መንገድ ላይ የሚነግዱ ልጆች የሽያጩን ሒሳብ ከመቶ 98 ያህል በትክክል ሲመልሱ፣ ተመሳሳዩን በወረቀት በቁጥር ብቻ ሲሰጣቸው ወደ 37 ወረዱ፤ ጥናቱ የታተመው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ሐራ ገበያ ቆሎ የሚሸጥ ልጅ መልስ ሲሰጥሽ አይሳሳትም፤ ሰሌዳ ፊት ግን ሲደናገር አይቼዋለሁ። ስለዚህ ስድስት ሲኒ ከቆጠረች በኋላ 6ን አመድ ላይ በጣቷ ትጻፈው፣ የቆጠረችውና የጻፈችው አንድ መሆናቸውን ትይ።

ሴት ናት ብላችሁ የገበያውን ሒሳብ ለወንድሟ ብቻ እንዳትተዉት። ጨው ስትገዢ ብሩን እሷ ታቀብል፣ መልሱንም እሷ ትቀበል። አባቷም ማታ ፍየሎቹ ሲገቡ የጎደለ እንዳለ እሷን ይጠይቃት።