እሳት ያልጠገበች ጀበና

እንቁጣጣሽ ሊገባ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የእጅ ሥራ ባዛር ተከፈተ። የሐረር ሙዳይ፣ የዶርዜ ጋቢ፣ የቆዳ ቦርሳ፣ የብር መስቀል ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ከዳር፣ መፀዳጃ ቤቱ አጠገብ (ለሸክላ ሠሪ ብዙ ጊዜ የሚደርሳት እዚያው ነው) አንዲት የቀጨኔ ሴት 9 ጀበናና ጥቂት የዕጣን ማጨሻ ይዛ ተቀመጠች። ልጇም አብራት ነበረች።

ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ። "ወይኔ ስታምር!" ይላል አንዱ፤ ጀበናዋን አንስቶ ፎቶ ይነሳና መልሶ ያስቀምጣል። "እጅሽ ይባረክ!" "ባህላችንን ያቆያችሁልን እናንተ ናችሁ!" "በርቺ!" ትላለች ሌላዋ፣ ዓይኗ ቀድሞ ወደሚቀጥለው ድንኳን እየሄደ። ልጅቱ ሥራ ስትፈታ ካርቶን ቀደደችና መሃሉን አሰመረችው። በግራ "ምርቃት"፣ በቀኝ "ሽያጭ" ብላ ጻፈች፤ ሰው በመጣ ቁጥር ጭረት ትጨምራለች። እስከ 9 ሰዓት ድረስ በግራ 63፣ በቀኝ 1 ጭረት ሆነ። እሱም የዕጣን ማጨሻ ነበር።

ካፊያው ሲጀምር አንዲት ነጠላ የተከናነቡ አሮጊት ገቡ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጡም። አንዷን ጀበና አንገቷን ይዘው አነሱ፣ ገለበጡ፣ በውስጧ አጮለቁ፣ ጡቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ በጣታቸው አጥንት ሆዷን ኳ አደረጓት። ጮኸች። ሁለተኛዋንም ኳ፤ ጮኸች። ሦስተኛዋ ግን ድምፅዋ እንደ ታፈነ ሰው ሆነ።

"ይቺ እሳት አልጠገበችም" አሉ።

ሴትዮዋ አቀረቀረች። "ክረምት አይደል እማማ? ጭራሮው እርጥብ ሆኖብኝ ነው።"

"አውቃለሁ። ከደህናዎቹ ጋር ምን አቀላቀላት ታዲያ?"

ለዚህ መልስ አልነበራትም። ጭስ የበላ ሸክላ መልኩ አንድ ነው፤ ዘጠኙም እኩል ጠቁረው እኩል ያብረቀርቃሉ። 63 ሰው አንስቶ አስቀምጧት ማንም አላወቀባትም፤ እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ታውቃለች።

አሮጊቷ ሁለት ጀበና መርጠው ዋጋ ጠየቁ። የአንዷ 400 ብር ተባሉ። "ለጭቃ?" ብለው 300 ጠሩ። ተከራከሩ፤ አሮጊቷ ሁለት ጊዜ ሊሄዱ ተነሱ፣ ሁለቴም ተመለሱ፤ በ350 ተስማሙ። ገንዘቡን ቆጥረው ከሰጡ በኋላ ግን እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ።

"ምርቃቱስ?"

ልጅቱ ካርቶኗን ይዛ ከት ብላ ሳቀች። ቀኑን ሙሉ መራቂው ገዢ ነበር፤ አሁን ገና ሻጭ እንድትመርቅ ተጠየቀች። እናቷም እየሳቀች ማቶት አወጣችና ጨመረችላቸው። "መቼም ሲያሟሿት..." ብላ ስትጀምር "ጀበና ማሟሸት አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እጅሽ ይባረክ አላሉም።

በማግሥቱ ጠዋት ስድስት ጀበና ብቻ ተደረደረ። ሰባተኛዋ ከጠረጴዛው ሥር ነበረች።

ምሳሌው ስለ ማን እንደሆነ መደበቅ አልችልም፤ ከግራዎቹ ጭረቶች አንዱ እኔ ነኝ። ባዛር እገባለሁ፣ አደንቃለሁ፣ ጀበናዋ እንዴት እንደተሠራች ሳልጠይቅ "በርቺ" ብዬ እወጣለሁ፤ ከዚያም ለባህል አንድ ነገር ያደረግሁ ይመስለኛል። ባለ እጅን ማንጓጠጥ የቆየ በሽታችን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ ያም ሆኖ ሸክላ ሠሪዎች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን "ቡዳ" ሲባሉ ኖረዋል። ዛሬ በባዛሩ ስድብ የለም፣ ሁሉም ያሞግሳል። ስድቡም ሙገሳውም ግን ከኪስ ምንም አያስወጡም፤ ሁለቱም ጀበናዋን ሳያዩ የሚባሉ ናቸው።

ከደሃ ባለሙያ ጋር ዋጋ መከራከር ግፍ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ካለፈ እውነት ነው፤ የአሮጊቷ "ለጭቃ?" ማለትም ደስ አይልም። እኔ ግን ያን ቀን ከገቡት ሁሉ ሴትዮዋን እንደ ባለሙያ ያናገሯት እሳቸው ብቻ ናቸው እላለሁ። ጭራሮ በክረምት እንደሚረጥብ፣ ያልደረቀ ጭቃ እሳት ውስጥ እንደሚፈነዳ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሸክላ ማድረቅ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው "እሳት አልጠገበችም" የሚለው። እንዲህ ያለ ነቀፋ የሚቀበል ሠሪ እሳቱን ያስተካክላል። "ስታምር!" የተባለ ምኑን ያስተካክል?

እንግዲህ ዘንድሮ ባዛር ከገባችሁ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ጀበናዋን አንዴ ኳ አድርጓት። ዋጋዋንም ጠይቁ።